ፌስታሉ ተከለከለ፤ የአንደኛ ክፍሏ ልጅ ደብተርስ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ቦርሳችሁን ታስታውሱታላችሁ? ቀለሙን፣ በላዩ ላይ የነበረውን ሥዕል፣ ዚፑ አልዘጋ ያለበትን ቀን… እኔ የራሴን አልረሳውም። ዚፕ አልነበረውማ! ሥዕልም አልነበረውም። የነበረው በትልልቁ የታተመ «ዩሪያ» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ ነው። አዎ፣ ቦርሳዬ ማዳበሪያ ነበር።

ጊዜው 2000 ዓ.ም ነው። አገሩ በሙሉ «ሚሊኒየም» እያለ ይዘፍናል፤ እኔ ደግሞ ቡሬ ላይ አንደኛ ክፍል ልገባ ነው። አክስቴ በረንዳዋ ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ነበረቻት። የታጠበ ማዳበሪያ ቆርጣ፣ አጥፋ፣ ሰፍታ ጀርባዬ ላይ ስታደርግልኝ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

«እትዬ፣ እኔ የሱቁን ነው የምፈልገው!»

«ዝም በይ የኔ እናት። የሱቁ ኅዳርን አይሻገርም። ይኼ ካንቺ አልፎ ለወንድምሽ ይተርፋል።»

ትክክል ነበረች። እኔ ሦስት ዓመት ያዝኩት፣ ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ወረሰው። ግን ትክክል መሆኗ ያን ዕለት ምንም አልጠቀመኝም። ክፍል ስገባ ስሜ ተቀየረ። «ዩሪያ መጣች!» አሉ። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ዩሪያ ነበርኩ። ዛሬም ደውሎ «ዩሪያ፣ እንዴት ነሽ?» የሚለኝ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። አሁን ያስቀኛል። ያኔ ግን አያስቅም ነበር።

ከአጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ደግሞ ነበረች። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግሯ ነው የምትመጣው። ደብተሮቿ በፌስታል፣ ፌስታሉ በብብቷ። አንድ ቀን ሰኔ ላይ መንገድ ላይ ዶፍ ያዛት። ፌስታሉ ጎኑ ተቀዶ ኖሯል። ክፍል ስትደርስ ደብተሮቿ አብጠዋል፣ ገጽ ከገጽ ተጣብቋል፣ ልባዱ ተላቅቋል። መቼም የዘመኑን ነገር ታውቃላችሁ፤ ለደብተር አያያዝ ማርክ አለ። መምህሩ «ገልብጠሽ አምጪ» አሏት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዕረፍት ሰዓት ከእኔ ደብተር ስትገለብጥ ቆየች። በቀጣዩ መስከረም አልተመለሰችም። በደብተሩ ምክንያት ነው ያቋረጠችው አልልም፤ ድህነት አንድ ምክንያት ብቻ ይዞ አይመጣም። ግን ስለ ሕፃናት ቦርሳ ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው እሷ ናት።

አዋጁና ፌስታሉ

ይህን ሁሉ አሁን ምን አስታወሰሽ ትሉኝ ይሆናል። አዋጁ ነዋ! በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቋል። አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ማምረት፣ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም ይከለክላል። ይዞ ለተገኘ ግለሰብ እንኳ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አለው።

እኔ አዋጁን አልቃወምም። የከተማዎቻችንን ቱቦ የደፈነው፣ የላሞቻችንን ሆድ የሞላው ማን ሆነና? ግን አዲስ አበባ ስለ አዋጁ ስናወራ የምናወራው ስለ አስቤዛ ነው። ዳቦውን በምን እንያዝ፣ ቲማቲሙን በምን እንያዝ… የሚያምር የጨርቅ ዘንቢል ገዝተን ፎቶ ተነስተን እንለጥፋለን። የምዕራብ ጎጃም ገጠር ላይ ግን ፌስታል የአስቤዛ መያዣ ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ቦርሳም ነው። ፌስታል ነገ ጠዋት ከገጠር ይጠፋል ብዬ የማምን የዋህ አይደለሁም። እየጠፋና እየተወደደ ሲሄድ ግን ያቺ ልጅ ደብተሯን በምን ትያዝ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ኮሚቴ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ ዲዛይን ነው። ዲዛይን የሚለውን ቃል ለፋሽን ሾው ብቻ ማን ሰጠው?

መንገዱ ምን ይላል?

ቡሬን ለማታውቋት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድም የሚገነጠለው ከእሷ ነው። የበቆሎና የበርበሬ አገር ናት። የጭነት መኪና አይቋረጥባትም። ዝናቧም የዋዛ አይደለም።

እንግዲህ ቦርሳውን ከሱቅ መስኮት ሳይሆን ከዚህ መንገድ ተነስተን እናስበው። ትምህርት መስከረም ይጀመራል፤ ዝናቡ ገና አልወጣም። ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ዝናቡ ገብቷል። ልጅቱ ጭቃ ትረግጣለች፣ ወንዝ ትሻገራለች፣ አስፋልት ዳር ዳሩን ትሄዳለች። እጇ ነጻ አይደለም፤ ዱላ አለ፣ ታናሽ ወንድም አለ፣ አንዳንዴም ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ የሚቀዳበት ጄሪካን አለ። ጄሪካን ከኖረ ጀርባዋም ነጻ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ከገበያ የምንገዛውን የልጅ ቦርሳ እዩት። ከፊት ለፊቱ የካርቱን ጀግና፣ ሦስት ኪስ፣ አራት ዚፕ፣ የጠርሙስ ማስገቢያ፣ ከጀርባው ስስ ስፖንጅ። ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተው ዚፑ ነው። ቀጥሎ ማንገቻው ከላይ ከስፌቱ ይላቀቃል። ዝናብ ሲመታው ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ ከደብተሮቹ በላይ ይከብዳል። ዋጋው ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ እንደ ሌላው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የሚቀመስ አልሆነም።

ርካሽ ስንል ምን ማለታችን ነው ታዲያ? ጃፓኖች «ራንዶሴሩ» የሚሉት የልጆች ቦርሳ አላቸው። ዋጋው በብዙ መቶ ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ግን ልጁ አንደኛ ክፍል ይዞት ገብቶ ስድስተኛ ክፍል ይዞት ይወጣል ተብሎ ነው የሚሠራው። የእኛ እናት ያን ገንዘብ የላትም። ሐሳቡን ግን አክስቴም ታውቀዋለች፦ ቦርሳ በዋጋው ብቻ አይመዘንም፣ በዋጋውና በዕድሜው ነው። በየኅዳሩ የሚሞት «ርካሽ» ቦርሳ ውድ ነው።

የጥንቶቹ ያውቁበት ነበር

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ቦርሳችን ከቻይና አልመጣም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራንና ጎንጅን ያህል ጉባኤ ቤት ያፈራ። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቦ በየደጁ ይለምን ነበር። ዳዊቱስ? ዳዊቱ የሚቀመጠው በማኅደር ነው። ማኅደር አይታችኋል? በመጽሐፉ ልክ የተሰፋ የቆዳ ማቀፊያ ነው፤ ክዳን አለው፣ የሚታነገትበት ጠፍር አለው። ዚፕ የለውም። ትርፍ ኪስ የለውም። መጽሐፉ ገብቶ ልክክ ይልበታል፤ ውስጡ አይንገላታም፣ ውሃ አያገኘውም። ተማሪው ወንዝ ቢሻገር፣ አገር ቢያቋርጥ መጽሐፉ አብሮት ይደርሳል።

ማኅደር የሰፉት ሰዎች የዲዛይን ትምህርት ቤት አልገቡም። አንድ ነገር ግን ጠይቀዋል፦ «የሚያዘው ምንድነው? የሚሄደውስ በምን መንገድ ነው?» አለቀ። የዛሬው ቦርሳ ሠሪ ደግሞ የሚጠይቀው «ሱቅ ላይ ተሰቅሎ ምን ይመስላል?» ነው።

የሰው አገር ሰዎች ምን አደረጉ?

ሕንድ፣ ሙምባይ ውስጥ አራምብ የተባለ ድርጅት ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ከተጣለ ካርቶን የሚሠራ ቦርሳ አውጥቶ ነበር። ቦርሳው ሲዘረጋ መሬት ላይ ለሚቀመጥ ልጅ ዝቅ ያለ የመጻፊያ ጠረጴዛ ይሆናል። ጎብጠው የሚጽፉ ልጆችን አይተው ነው የሠሩት።

ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ ውስጥ ደግሞ ታቶ ካትላንያኔ እና ሪያ ንግዋኔ የተባሉ ሁለት ወጣት ሴቶች ከተለቀመ ፌስታል ቦርሳ ሠሩ። ቦርሳው ላይ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ አለችው። ልጁ በመንገዱ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይሞላል፣ ማታ ያበራለትና ያጠናበታል። የሚያንጸባርቅ ጨርቅም አለው፤ በድንግዝግዝ መንገድ ሲሻገር መኪና እንዲያየው።

ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን አምጥተን እንቅዳቸው አልልም። የሕንዱ ካርቶን የቡሬን ሰኔ አንድ ሳምንት አይችለውም። የደቡብ አፍሪካው መብራት ደግሞ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። መቅዳት ያለብን ጥያቄያቸውን ነው። ሙምባይ ላይ ችግሩ ወለሉ ነበር፣ ሩስተንበርግ ላይ ጨለማው። ቡሬ ላይ ችግሩ ውሃው ነው። እኛ የምንሠራው ቦርሳ ሌላው ሁሉ ቢቀርበት አንድ ነገር ማድረግ አለበት፦ ደብተሩን ደረቅ አድርጎ ማድረስ።

እንግዲህ ቦርሳው ይኸውላችሁ

ይህን ከመጻፌ በፊት አክስቴ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ ያ ቦርሳዬ እንዴት ነበር የተሠራው?» ስላት መጀመሪያ ሳቀች። «አሁን ደግሞ ወደድሽው?» አለችኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ የራሴን ጨምሬበት ይኸው፦

አንደኛ፣ መጠኑ። ቦርሳ ሰፊ ሲሆን ይሞላል፤ ስለዚህ በደብተሩና በመጽሐፉ ልክ ይቆረጥ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው የትምህርት ቤት ቦርሳ መመሪያ የቦርሳው ክብደት ከልጁ ክብደት አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ብላለች። 20 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ሁለት ኪሎ መሆኑ ነው፤ ባዶው ቦርሳ ራሱ አንድ ኪሎ ከመዘነማ ምን ቀረ? የሃምሳ ኪሎ ማዳበሪያ ጎኑ ተተርትሮ ሲዘረጋ 34 ሴንቲ ሜትር በ85 የሆነ ሁለት ቁራጭ በደንብ ይወጣዋል። ሁለት ቦርሳ ማለት ነው፣ ከነማጠናከሪያው። ክብደቱም ቀላል ነው።

ሁለተኛ፣ ታቹ። አክስቴ «ከታች አይሰፋም!» ብላ ጮኸችብኝ። ቁራጩ መሐል ለመሐል ይታጠፍና ጎንና ጎኑ ብቻ ይሰፋል። የመርፌ ቀዳዳ የውሃ በር ነው፤ ደብተሩ የሚቀመጥበት ታቹ ላይ ቀዳዳ ከሌለ መሬት ላይ ቢቀመጥም አይጠጣም።

ሦስተኛ፣ ስፌቱ። ማዳበሪያ ጫፉ ይተረተራል፤ ስለዚህ ወይ በእሳት ለብለብ ተደርጎ ወይ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋል። ስፌቱ ደግሞ ረዘም ረዘም ይበል። ከበዛና ከተጠጋ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና በዚያው ይቀደዳል።

አራተኛ፣ ገበሩ። ማዳበሪያ ብቻውን ውሃ ያሳልፋል። አንዳንዱ ማዳበሪያ ውስጡ ላስቲክ አለው፤ እሱ በደንብ ታጥቦ ገበር ይሁን። እጥበት ላይ ቀልድ የለም፤ ከማዳበሪያው ጨው የቀረ ካለ ቆዳ ይለበልባል። የጸረ አረምና የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ታጠበም አልታጠበም አትንኩት።

አምስተኛ፣ አፉ። ዚፕ የለም። አፉ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ይጠቀለልና በአንድ ትልቅ ቁልፍና በገመድ ይያዛል። ቁልፉ ቢጠፋ እንጨት ይተካዋል፤ ዚፕን ግን ምን ይተካዋል?

ስድስተኛ፣ ማንገቻው። ከማዳበሪያው ከተሠራ ትከሻ ይቆርጣል። ከአሮጌ ጂንስ ወይም ከአሮጌ ጋቢ፣ ሦስት ጣት ስፋት ይኑረው። የሚላቀቀው ሁልጊዜ ከላይ ስለሆነ ከውስጥ በኩል ድርብ ቁራጭ ይደረግበት። በቋጠሮ የሚረዝምና የሚያጥር ይሁን፤ ልጅቱ ጄሪካን ስታዝል ቦርሳውን ወደ ደረቷ ታዞረዋለች፣ ስታድግም አብሯት ያድጋል።

ሰባተኛ፣ ከጀርባው ላይ አንዲት የምታንጸባርቅ ቁራጭ። በዚያ አስፋልት ላይ ጎህ ሳይቀድ የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ያያት ዘንድ።

ዋጋውስ? ብር ብጠራላችሁ እስክታነቡት ይቀየራል። ስለዚህ መለኪያዬ ደብተር ነው፤ የቦርሳው ዋጋ ከግማሽ ደርዘን ደብተር ዋጋ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከበለጠ እናት ደብተሩን ገዝታ ቦርሳውን ትተወዋለች። ልክ ናት ደግሞ።

የ«ዩሪያ» ነገር

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ። «አንቺ ራስሽ ያፈርሽበትን ቦርሳ ለሌላ ልጅ ታዢያለሽ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም አድሬበታለሁ።

ያፈርኩት ግን በማዳበሪያው አልነበረም። ያፈርኩት በጽሑፉ ነው። ቦርሳዬ ከሩቁ ድሃ መሆኔን ያውጅ ነበር። ከዚህ አንጻር በላዩ ላይ የረጂ ድርጅት ስም በትልቁ የታተመበት አዲስ ቦርሳም ከእኔ ዩሪያ የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው። እሱም «ይህቺ ልጅ ተረጂ ናት» ይላል። ከዓመት በኋላ በርበሬ ሲያዝበት ገበያ ላይ ብታዩት አትፍረዱ።

መፍትሔው አስቂኝ ነው፤ ማዳበሪያውን ገልብጦ መስፋት! ጽሑፉ ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ውጭ። ጠርዙ ላይ የአሮጌ ነጠላ ጥለት ቢዞርበት ደግሞ ቦርሳ ብቻ ሳይሆን ጌጥ ይሆናል። ጥለቱን ልጅቱ ራሷ ትምረጥ። ይህችን አንዲት ነገር አክስቴ በ2000 ዓ.ም ብታስባት ኖሮ አራት ዓመት በስሜ እጠራ ነበር። (በስልክ ስነግራት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጽሑፉ ያምር መስሎኝ ነው» አለችኝ። እንዴት ልቆጣት?) ለትንሽ ልጅ ክብር የዲዛይኑ ትርፍ ነገር አይደለም። ያፈረችበትን ቦርሳ ልጅ መንገድ ላይ ትጥለዋለች።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቦርሳ?

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ ዘልዬው ብሄድ ውሸታም እሆናለሁ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ምዕራብ ጎጃም በጣም ከተጎዱት አንዱ ነው። አንደኛ ክፍል መግባት ሲገባቸው ቤት የዋሉ ልጆች ዕድሜያቸው አልጠበቃቸውም። ቦርሳ ትምህርት ቤት አይከፍትም። ጥይትም አያቆምም። ይህን የሚያደርጉት ጠመንጃ የያዙት ናቸው፤ የእነሱን ኃላፊነት ወደ ልብስ ሰፊ አላዞርም።

ግን አንድ ነገር ልበል። ትምህርት ቤት በተከፈተበት ቀን የሚመለሱት ልጆች ከድሮው የባሰ ባዶ እጃቸውን ነው የሚመለሱት። ቤተሰቡ ሁለት ሦስት ዓመት ከስሯል። አንድ ልጅ ይላክ፣ ሁለተኛው ይቆይ የሚል ስሌት በየጎጆው ይሰላል። ያኔ የደብተር፣ የእስክሪብቶና የቦርሳ ዋጋ ተደምሮ ስሌቱን ሊያጋድለው ይችላል። ከሚቆዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴቷ ትቀድማለች። ስለዚህ ዲዛይኑ ከአሁኑ ተሠርቶ ይጠብቅ። በሩ ሲከፈት መቀስ ፍለጋ አንሩጥ።

ታዲያ ማን ይሥራው?

ፋብሪካ አልልም። ቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ በ2013 ዓ.ም ተመርቋል፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እንጨዋወታለን። ይህ ቦርሳ ግን የስፌት መኪና ያለው በረንዳ ይበቃዋል። ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ትንንሾቹ የገበያ ከተሞችም ልብስ ሰፊ አላጡም።

የጎደለው ንድፉ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። በየዓመቱ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ሞዴሎች ለብሰው ሲራመዱ እኛም እናጨበጭባለን። ከመሐላቸው አንዷ የመመረቂያ ሥራዋን ይህን ቦርሳ ብታደርገውስ? ውሃ አፍስሳበት፣ ሁለት ኪሎ ጭናበት፣ ፀሐይ ላይ ወራት ሰቅላው ትፈትነው፤ ማዳበሪያ ፀሐይ ሲበዛበት እንደሚፈረፈር ማንም ገበሬ ያውቃል። የተፈተነውን ንድፍ በልኩ በወረቀት አትማ ለየትምህርት ቤቱ ትላክ። መምህሩ ለልብስ ሰፊው ይሰጠዋል፣ ልብስ ሰፊው ይቆርጣል። የፈጠራ መብት የለ፣ ጨረታ የለ።

እኛስ? በ2012 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማቅረብ ሲጀምር የመማሪያ ዕቃ የቤተሰብ ጣጣ ብቻ እንዳልሆነ አይተናል። በየመስከረሙ «ለገጠር ተማሪዎች» ብለን ብር የምናዋጣ የከተማ ልጆችም ከመርካቶ ሃምሳ ቦርሳ ጭነን ሄደን ፎቶ ከምንነሳ፣ ያንኑ ብር ለአንድ የቡሬ ልብስ ሰፊ ሰጥተን ከዚያ የሚበልጥ ቦርሳ ማሰፋት እንችላለን። ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። ሲቀደድም የሰፋው ሰው እዚያው ነው።

አክስቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «ለመሆኑ ስንት ልስፋ?» አለችኝ። እኔ ለወሬ ነበር የደወልኩት፤ እሷ መቀሷን አንስታለች። «እትዬ፣ አሥር» አልኳት ደንግጬ። የክር ዋጋ ልኬላታለሁ። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን ብያታለሁ።

ቸር እንሰንብት።